ሻምበሉ «ይሰሩኝ» ያለ ቀን

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጥርሱን በሚጎረጉርበት ሰዓት፣ ፑርቡ ሕልም አየ። ሕልም የሚታየው በሌሊት ነው የሚል ካለ እሱን ይጠይቀው። ሌሊት ሌሊት አቁመው ሲመረምሩት ያድራሉ፤ ቀን ቀን ደግሞ ዓይኑ ከተከደነ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉበታል። በሃያኛው ቀን ግን ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ካቴናውን ከቧንቧው ላይ ፈቱለትና ብርድ ልብስ ወርውረው «ተኛ» አሉት። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል፤ ፑርቡማ ምን ሊፈራ! ጭንቅላቱ ወለሉን ሳይነካ አንኮራፋ።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት ሰውየው ማን እንደሆነ ላውጋችሁ። ፑርቡ ቲቤታዊ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እናቱ እግሩን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የገብስ በሶ ቋጥራ፣ ከሚሰደዱ ሰዎች ጋር በበረዶው ተራራ በኩል ወደ ሕንድ ላከችው። ለመንደሩ ካድሬ «ልጄ በብርድ ሞተብኝ» ብላ አስመዘገበችና ደረቷን መትታ አለቀሰች። ልጁ ሕንድ አገር አደገ፤ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። የእናቱ መልክ ግን ጠፋበት። ድምፅዋ ትዝ ይለዋል፣ የእጇ ሽታ ትዝ ይለዋል፤ ፊቷ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው። ይሄ ነገር አንገበገበውና አንድ ቀን የስፌት መኪናውን ሸጦ ወደ አገሩ ተነሣ።

መንገዱን አበጥሮ አጥንቶ ነበር። የድንበር ሱፍ ነጋዴ መስሎ፣ የነጋዴ ካፖርት ደርቦ፣ እንደ ነጋዴ እያዛጋ ኬላውን ሊያልፍ አንድ እግሩን አንሥቷል። የኬላው አዛዥ ሻምበል ሊያንግ «የዚህ አካባቢ ሰው ነህ?» አለው። ፑርቡ ሳያስበው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ ሕንዶች እሺታቸውን እንደሚገልጹት። ከዚያ ድንበር ወዲህ እንዲህ አድርጎ ራሱን የሚወዘውዝ ነጋዴ የለም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የዚህኛው አፍ አላመለጠም፣ ያመለጠው ጭንቅላቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ሁለት ብቻ ሆነ። «ማን ላከህ?» እና «የእናትህ ስም ማነው? መንደሯስ?» ለመጀመሪያው «ማንም» አለ፤ ተገረፈ። ለሁለተኛው ዝም አለ፤ የባሰ ተገረፈ። ዝም ያለው ወዶ አይደለም። አምና አንድ ጓደኛው እንደዚሁ ተመልሶ ተያዘና ዱላው ሲበረታበት የእናቱን ስም ሰጠ። በሳምንቱ ሴትዮዋን ከማሳዋ ላይ አንሥተው ወሰዷት፤ የገባችበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። የፑርቡ እናት ደግሞ ሕያው ልጇን ሞተ ብላ መንግሥትን የዋሸች ሴት ናት። ስለዚህ ሃያ ቀን ሙሉ ሁሉን ነገር ሰጣቸው፤ ጀርባውን፣ ጥፍሩን፣ እንቅልፉን። ስሟን ብቻ አልሰጠም።

እንግዲህ ሕልሙ ይኸውላችሁ።

ቦታው ያው እስር ቤት ነው፤ ቁልፉ ግን ያለው ፑርቡ ወገብ ላይ ነው። ውጭ ጫጫታ ሰምቶ በቀዳዳው ቢመለከት፣ የኬላው ወታደር በሙሉ ፋይሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ተሰልፏል። ሲያዩት እንደ ጥንቱ የአገሩ ወግ ምላሳቸውን እስከ አገጫቸው አውጥተው እጅ ነሡ። ከሰልፉ ፊት ሻምበል ሊያንግ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ይሰሩኝ» አለ። «ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌያለሁ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላጠፋ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«እርስዎ ታስረው የለም እንዴ! እርስዎ ገብተው እኔ የምከለከለው በምን ሕግ ነው? መድልዎ ነው!»

ከኋላ ያለው ሰልፍ «መድልዎ ነው! መድልዎ ነው!» እያለ ተንጫጫ።

ፑርቡ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። በሕልም ይሉኝታ የለም። «ማን ላከህ?» ሲል ጠየቀ፤ ሃያ ቀን የሰማውን ጥያቄ ቃናውን እንኳ አልሳተም። ሻምበሉ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ይሄ አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

«እሱን እኔም አላውቀው ጌታዬ። ያስተማሩ ዕለት አሞኝ ቀርቻለሁ።»

«እንግዲያው ግለ ሂስህን ጻፍ። ሦስት ገጽ። ስትጨርስ አላምንህም፤ ቀድጄ እጥለዋለሁ፤ እንደገና ትጽፋለህ።»

«ያኑርልኝ!» አለ ሻምበሉ፣ ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆኖ። እስክሪብቶ ፍለጋ የገዛ ኪሱን ሲበረብር የሌሎቹንም ኪስ በረበረ።

ጥግ ላይ የእንጨት መናጫ ቆሟል። የፑርቡን ጀርባ ሰንበር በሰንበር ያደረገው የኤሌክትሪክ ዱላ መናጫው ውስጥ ተተክሎ፣ ማንም ሳይነካው ላይ ታች እያለ የቅቤ ሻይ ይንጣል። ፑርቡ አንድ ኩባያ አስቀድቶ ቀመሰ። «ጨው አንሶታል» ቢል፣ ሁለት አሥር አለቆች ለጨው ሲሽቀዳደሙ በግንባራቸው ተጋጭተው ተዘረሩ። አንደኛው እንደተዘረረ «ይቅርታ ግድግዳ» አለ፤ ግድግዳው አጠገቡ እንኳ አልነበረም። ፑርቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሃያ ቀን ሙሉ ጥርሱን ያላሳየ ሰው እንባው እስኪመጣ ድረስ ሳቀ።

ሲስቅ ግድግዳው ለሁለት ተከፈለና ራሱን ሜዳ ላይ አገኘው። ሜዳው መሐል ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ያክ ተቀምጧል። ያክ ማለት ጠጉሩ መሬት የሚጠርግ የዚያ አገር በሬ ነው። የኮሎኔል ባርኔጣ ደፍቷል፤ አንደኛው ቀንዱ ባርኔጣውን ቀዶ ወጥቷል። ከፊቱ አንድ ትልቅ በረዶ የለበሰ ተራራ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል።

«የመቆሚያ ፈቃድ አለህ?» አለው ያኩ።

«የለኝም ጌታዬ። እንዲሁ ዝም ብዬ ነው የቆምኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ስቆም ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።»

«ሁላችሁም የምትሉት ይሄንኑ ነው» አለና በሰኮናው ማኅተም መታለት። ተራራው እየተሽኮረመመ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያኩ ወደ ፑርቡ ዞረ።

«አንተስ? ከየት መጣህ?»

«ከአገሬ።»

«ወዴት ትሄዳለህ?»

«ወደ አገሬ።»

«ታዲያ ምን ያደክምሃል? ቁጭ በል፤ አገሩ ራሱ ይምጣ!»

ወታደሮቹ ድንበሩን አንሥተው እንደ ድንኳን ገመድ ይጠቀልሉት ጀመር። ገመዱን ሲስቡት አገሩ ከነነፍሱ እየተጎተተ መጣ፤ የገብስ ማሳው፣ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ከኋላ ደግሞ ግራ የገባቸው ውሾች። ሻምበል ሊያንግ ከፊት ሆኖ ላቡን እያንጠፈጠፈ ይጎትታል። «ቀስ! ቀስ በሉ! የታቀፈች ዶሮ አለች!» እያለ ይቆጣል። ፑርቡ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። እንዲህ ያለ አመላለስ ማንም ስደተኛ አይቶ አያውቅም።

መንደሩ እግሩ ሥር ደርሶ ቆመ። ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ገብስ ታሰጣለች። እንዴት እንዳወቃት አትጠይቁኝ፤ በሕልም ሰው እናቱን በጀርባዋም ያውቃል። ኩባያውን ጥሎ ሮጠ። የመንደሩ በር ግን ተዘግቷል፤ ኮሎኔሉ ያክ በሩን ተደግፎ ያመሰኳል።

«ደንቡ ቀላል ነው» አለ። «እዚህ አገር ሁሉም ነገር ይፈቀዳል፤ ክልክሉ ዝምታ ብቻ ነው። የምትፈልጋትን ጥራት። ትዞራለች፤ በሩም ይከፈታል።»

«አማላ!» ብሎ ጮኸ ፑርቡ። አማላ በእነሱ ቋንቋ እማዬ ማለት ነው። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ከየመስኮቱ፣ ከየበረቱ ብቅ ብቅ አሉ። «አቤት ልጄ!» «አቤት፣ መጣሁ!» «ምሳህን በልተሃል?» ጣሪያ ላይ ያለችው ብቻ አልዞረችም።

«እናት መቼ ጠፋ» አለ ያኩ እያመሰኳ። «በስሟ ጥራት እንጂ!»

ፑርቡ አፉን በመዳፉ ያዘ። የማይባል አንድ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ለምን እንደማይባል ግን ጠፋበት። ሊያስታውስ ሞከረ። ሰዉ ፋታ አልሰጠውም። ወታደሮቹ «ይጥሯት! ይጥሯት!» እያሉ ያጨበጭባሉ፤ ሻምበሉ ደግሞ ገመዱን ጥርሱን ነክሶ እንደያዘ «ጌታዬ፣ ኧረ ይጥሯትና እንገላገል! ገመዱ እጄን ላጠው!» እያለ ይማጠናል።

«ያንግዞም» አለ ፑርቡ ቀስ ብሎ።

አራት ሴቶች ዞሩ። «የትኛዋን ነው?» አለች አንዷ። «ቆንጆዋን ከሆነ እኔ ነኝ!» አለች አንዲት ጥርስ የሌላት አሮጊት፤ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። የጣሪያዋ ሴት አሁንም ጀርባዋ ነው። ገብሱን በመዳፏ እየገፋች ትበትናለች፤ ትሰበስባለች፤ ትበትናለች። ፑርቡ አላስቻለውም። «አንዴ ፊቷን ልይ፣ አንዴ ብቻ ልይና የፈለገው ይምጣ» ብሎ ደረቱን ነፋ።

«ያንግዞም! የሻርሉንጓ ያንግዞም! የውሃ ወፍጮ ቤቷ!»

የሴትዮዋ እጅ ገብሱ ላይ ቀጥ አለ። ቀና አለች። መዞር ጀመረች። መጀመሪያ ጆሮዋ ታየ፣ ከነሰማያዊ ጉትቻው። ከዚያ ጉንጯ፣ ከዚያ የዓይኗ ጠርዝ...

«ቀስ እያልክ ተናገር» አለው አንድ ሰው።

ፑርቡ ዓይኑን ገለጠ። አፉ እንደተከፈተ ነው። ሻምበል ሊያንግ ራስጌው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከፔርሙዙ ሻይ ይቀዳል። የኬላው ጸሐፊ፣ ጓድ ፋን የሚሉት መነጽራም ሽማግሌ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ፑርቡ በእንቅልፉ ያወራው ሁለት ገጽ ተኩል ሞልቷል።

«ጥሩ እንቅልፍ ተኛህ» አለ ሻምበሉ። «እስቲ ንገረኝ፤ ይሄ ኮሎኔል ያክ የሚባለው የማን ሠራዊት ውስጥ ነው?»

ፑርቡ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። «ሕልም እኮ ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«እሱን እኛ እናጣራለን።» ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጓድ ፋን «ይጣራል» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረ። ከዚያ ካርታ ዘርግቶ በጣቱ ይፈልግ ገባ።

«ሻርሉንግ የሚባሉ ሁለት መንደሮች አሉ» አለ። «የውሃ ወፍጮ ያለው ግን አንዱ ነው።»

ፑርቡ ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሣ። «ሞታለች!» ብሎ ጮኸ። «እናቴ ከሞተች ቆይታለች! በሕልሜ የሞተ ሰው ነው የጠራሁት!»

«ስንት ሰዓት ይወስዳል?» አለ ሻምበሉ፣ እሱን ሳያይ።

«በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል።»

ፑርቡ ተንበርክኮ የሻምበሉን ጫማ ያዘ። «እኔ ሰላይ ነኝ። ልከውኝ ነው የመጣሁት። የፈለጋችሁትን ሁሉ እፈርማለሁ፤ አሁኑኑ አምጡና ልፈርም።»

ሻምበሉ እግሩን ቀስ አድርጎ አላቀቀና ተነሣ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ባርኔጣውን አስተካክሎ ደፋ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አለው። «ፊቷን አንዴ ልይ ስትል አልነበር? ማታ ታያታለህ።»

ውጭ የመኪናው ሞተር ተነሣ።