የሙሴ አብዱላሂ የቀትር ክላሪኔት

(ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር፤ ቀትር ሲቃረብ። ጠባብ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ሱቅ ነው። ግድግዳው ላይ አፋቸው የጎደለ ሳክስፎኖች ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ሰሌን ከነትራሱ ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ቬንቲላተር እየተንቋቋ ይዞራል። ባለሱቁ ጋሽ ተክለወልድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አንድ ጥቁር ክላሪኔት ያገላብጣሉ። የሙሴ አብዱላሂ፣ በጅቡቲ አነጋገር የአቶ አብዱላሂ፣ የቤት ሠራተኛ ኤሌኒ ባዶውን የክላሪኔት ሣጥን አቅፋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።)

ኤሌኒ፦ ሞቷል ስልዎት፣ ጋሼ!

ተክለወልድ፦ አልሞተም!

ኤሌኒ፦ ሙሴ አብዱላሂ ጉንጫቸው ዳቦ እስኪያክል ነፉ፤ ሲጥ አላለም። ሲጥ የማይል ነገር ታዲያ ምን ይባላል?

ተክለወልድ፦ የታመመ ይባላል። ክላሪኔት እንጨት ነው፣ ልጄ። እንጨት አንዴ ሲቆረጥ ሞቷል፤ ሁለተኛ አይሞትም።

ኤሌኒ፦ (በሐዘን) ሁለተኛ አይሞትም?

ተክለወልድ፦ በፍጹም! በይ አታልቅሺ።

ኤሌኒ፦ አላለቀስኩም። እንቅልፍ ነው ዓይኔን እንዲህ ያደረገው።

ተክለወልድ፦ አውቃለሁ፤ ለክላሪኔቱ ስትጨነቂ እንቅልፍ አጥተሽ ነው። ወይ ታማኝነት! (ክላሪኔቱን ወደ ብርሃን ያነሣሉ) ገና ሳየው ገብቶኛል። የባሕር አየር ነው። እነዚህን ክብ ክብ ነገሮች ታያለሽ? ቀዳዳውን የሚደፍኑት ናቸው፤ ትራስ እንላቸዋለን። ጨው ያለበት እርጥበት ገብቶ አሳብጧቸዋል።

ኤሌኒ፦ ይኸም ትራስ አለው? ታዲያ ለምን አይተኛም?

ተክለወልድ፦ (አልሰሟትም። በቀጭን ዘንግ ውስጡን ይገፋሉ፤ በታች በኩል አንዲት ሰማያዊ የሕፃን ካልሲ ዱብ ትላለች) ምንድን ነው ይኼ?

ኤሌኒ፦ (ወደ ቬንቲላተሩ እያየች) ካልሲ ይመስላል።

ተክለወልድ፦ በጅቡቲ ሙቀት ካልሲ?

ኤሌኒ፦ የሙሴ የልጅ ልጅ ካልሲ ናት። ከፈረንሳይ አምጥተውላት አንድ ቀንም አላደረገቻትም።

ተክለወልድ፦ ቆይ! አትንገሪኝ! ገባኝ!

ኤሌኒ፦ (ደንግጣ ትነሣለች) ገባዎት?

ተክለወልድ፦ ለምን አይገባኝም! ክላሪኔት ተነፍቶ ሲያበቃ ውስጡ በትንፋሽ ይረጥባል፤ መወልወል አለበት። አንቺ መወልወያ ጨርቅ አጣሽ፤ በካልሲ ወለወልሽው፤ ተቀርቅራ ቀረች።

ኤሌኒ፦ እ… እንደዚያ ነው እንዴ?

ተክለወልድ፦ አልቆጣሽም። ካልሲ ሆነ እንጂ ሐሳቡስ ትክክል ነው።

ኤሌኒ፦ የባሕር አየሩስ?

ተክለወልድ፦ ካልሲዋን ያሳበጣት ማን ሆነና! በይ ሣጥኑን ክፈቺ፤ አልቋል።

ኤሌኒ፦ (ሣጥኑን ይበልጥ አቅፋ) አልቋል? ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ። ሌላም ብልሽት አይጠፋውም። ይቺ ቁልፍ ለምሳሌ… ተጭነው ሲለቋት እየተጎተተች ነው የምትመለሰው። መለዋወጫው ከማርሴይ እስኪመጣ እንጠብቃለን። በመርከብ ይምጣ፤ ምንም አያስቸኩልም።

ተክለወልድ፦ ማርሴይ! ለልብስ መርፌ ማርሴይ! (ይስቃሉ) ዓይን ግን አለሽ። ቁልፉን የሚመልሰው ቀጭን ሽቦ ዝጓል። የልብስ መርፌ በልኩ ይቆረጣል፤ በእሳት ለብለብ ይደረጋል፤ እዚህ ይሰካል። አየሽ? እንደ ፌንጣ ትዘላለች።

ኤሌኒ፦ (ለራሷ) ምነው አፌን በዘጋሁ!

ተክለወልድ፦ ደግሞ በቀጭን የሲጋራ ወረቀት እንፈትሻለን። ወረቀቱን ከትራሱ ሥር አስገብቼ ስጎትተው ያዝ ካደረገው ደህና ነው። ሾልኮ ከወጣ ትንፋሽ ያፈሳል። (ይጎትታሉ) ይኼው ሾለከ!

ኤሌኒ፦ (ደስ ብሏት) ያፈሳል? እንግዲህ ምን ይደረጋል!

ተክለወልድ፦ (ኩራዟን እየለኮሱ) ትራሱ የተጣበቀበትን በእሳት ሞቅ አድርጎ ቀጥ ማድረግ ነዋ! አሁን ድምፁ እጥፍ ይሆናል።

ኤሌኒ፦ እጥፍ! እንደው ጋሼ፣ እንደ ራዲዮ ዝቅ ማድረጊያ አይገጠምለትም?

ተክለወልድ፦ ድንቄም ዝቅ ማድረጊያ! ክላሪኔት ላይ የሚገኘው ከፍ ማድረጊያ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ኤሌኒ፦ (ሣጥኑን መሬት ታስቀምጣለች) እውነቱን ልንገርዎት፣ ጋሼ። እሳቸው ሲነፉ እኔ አልተኛም።

ተክለወልድ፦ በደስታ ነዋ!

ኤሌኒ፦ ሚስታቸው ማዳም ሐምዲያ ራሳቸው ልጃቸው ዘንድ ካርቲየ 6 ከሄዱ ሰነበቱ።

ተክለወልድ፦ ለልጃቸው ስለ ሙዚቃው ሊነግሯት ነው።

ኤሌኒ፦ እኔ ከጎህ በፊት እነሣለሁ፤ ማታ ሰው ሁሉ ሳይተኛ አልተኛም። ሙሴ ደግሞ የሚነፉት…

ተክለወልድ፦ ጠዋት ነው! ማወቅስ አውቃለሁ። ነፊ ሰው በባዶ ሆዱ ጠዋት ነው የሚለማመደው።

ኤሌኒ፦ የለም፣ እሳቸው እኮ…

ተክለወልድ፦ አትከራከሪኝ! የሠርግ ነፊዎች ሁሉ የኔ ደንበኞች ናቸው።

ኤሌኒ፦ (ለራሷ) ጠዋት ቢሆን ማን ይጠላው ነበር። ያቺ ያለችኝ የቀትር እንቅልፍ ላይ ሆነ እንጂ! (ለእሳቸው) “ይተዉት” እንዳልላቸው አንጀቴ አይችልም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፊታቸው የሚፈታው እሱን ሲይዙ ብቻ ነው። እባክዎ ለዛሬ እንኳ ይቆይ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ልምጣ?

ተክለወልድ፦ እንዳትሞክሪው! እኔ ጫት አልቅምም፤ ሲጋራም ወረቀቱን እንጂ ትንባሆውን አላውቀውም። የኔ ሱስ እንቅልፍ ነው። ከሰባት እስከ አሥር በሩን ዘግቼ ያቺን ሰሌን ከቬንቲላተሩ ሥር አነጥፋለሁ። ሚኒስትር ቢያንኳኳ አልከፍትም።

ኤሌኒ፦ (ሰሌኑን በናፍቆት እያየች) የታደሉ ነዎት።

ተክለወልድ፦ በይ ጆሮሽን አዘጋጂ! (የክላሪኔቱን አፍ ሸምበቆ በምራቃቸው አርጥበው ይነፋሉ። ቤቱ ይናጋል። ደጅ ላይ ካርቶን ስታኝክ የነበረች ፍየል ካርቶኗን ጥላ ትሮጣለች) ሰማሽ?

ኤሌኒ፦ ፍየሏም ሰምታለች።

ተክለወልድ፦ ጣሪያው ከፍ ስላለ ነው። ድምፁን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ሙሴ አብዱላሂ በዚያ መጋረጃና ፍራሽ በሞላው ሳሎን ምን ይሰማቸዋል? እንዲህ ያለ ክላሪኔት እንዲህ ባለ ክፍል ነበር የሚነፋው!

ኤሌኒ፦ (እንቅልፏ እልም ብሎ ይጠፋል) እዚህ?

ተክለወልድ፦ እዚህ!

ኤሌኒ፦ እሳቸው መጥተው?

ተክለወልድ፦ ይምጡ! ቤቴ ቤታቸው ነው! በፈለጉት ሰዓት!

ኤሌኒ፦ (ስልኳን አውጥታ) ጋሼ፣ ሰዓቱን ግን ይጠይቁኝ።

ተክለወልድ፦ ጥበብ ሰዓት የለውም! ደውዪ ብያለሁ!

ኤሌኒ፦ (በስልክ) አሎ፣ ሙሴ? አዎ፣ ተሠርቷል… ከበፊቱም ብሷል። ጋሽ ተክለወልድ ጣሪያዬ ከፍ ያለ ነው፣ እዚህ መጥተው ይንፉልኝ ይላሉ… በየቀኑ? (ወደ ተክለወልድ) በየቀኑ ይሁን?

ተክለወልድ፦ ዓርብን ጨምሮ በያቸው!

ኤሌኒ፦ ዓርብን ጨምሮ ብለዋል… እሺ። ማዳምንም ይንገሯቸው፤ ወደ ቤታቸው ይመለሱ። (ትዘጋዋለች)

ተክለወልድ፦ ምን አሉ?

ኤሌኒ፦ ድምፃቸው በደስታ ተንቀጠቀጠ። ከዛሬ ይጀምራሉ።

ተክለወልድ፦ አላልኩሽም? ጠዋት ጠዋት እሳቸው ሲነፉ እኔ እየሰማሁ እሠራለሁ።

ኤሌኒ፦ ጠዋት አይደለም፣ ጋሼ። ከሰባት እስከ አሥር ነው። ያን ጊዜ ከተማው ጸጥ ስለሚል ድምፁ ያምራል ይላሉ።

ተክለወልድ፦ (መነጽራቸው ከግንባራቸው አፍንጫቸው ላይ ይወድቃል) ከሰባት… ያ እኮ የእንቅልፍ ሰዓት ነው!

ኤሌኒ፦ ልነግርዎት ስል “አትከራከሪኝ” አሉኝ።

ተክለወልድ፦ ደውዪላቸው! የሱቁ ቁልፍ ጠፋ በያቸው! ሱቁ ተቃጠለ በያቸው!

ኤሌኒ፦ ታክሲ እየጠሩ ነው። ወንበሩን ከቬንቲላተሩ ሥር ያድርጉልኝ ብለዋል።

ተክለወልድ፦ (ሰሌኑን እንደ ልጅ አቅፈው) አይ፣ አይ፣ አይ! (ዓይናቸው ካልሲዋ ላይ ያርፋል) ኤሌኒ…

ኤሌኒ፦ አቤት፣ ጋሼ።

ተክለወልድ፦ ይቺ ካልሲ… ስትወለውዪ አይደለም የተቀረቀረችው?

ኤሌኒ፦ (እያዛጋች ወደ በሩ ትሄዳለች። ከደጃፉ ተመልሳ ካልሲዋን አንሥታ፣ በመዳፏ ዳብሳ፣ እጃቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች) ለእርስዎ ትሁን፣ ንጹሕ ናት። ብቻ አደራ፣ ጋሼ፤ ሙሴ ሲጥ አላለም ብለው ሲያቀብሉዎት እንደ ዛሬው ጎበዝ ሆነው እንዳይጠግኑት!