ሌላው ዓይኗ የት ሄደ?

ልጅን መርፌ ማስወጋት ይቀላል። ከባዱ ሥዕል ማሳየት ነው። መርፌው ቢያንስ የት እንደሚገባ ይታወቃል።

ልጄ ሳሮን ቤት ውስጥ ወፍ ናት። ትምህርት ቤት ስትገባ ድንጋይ። መምህሯ አስጠራችኝና፣ እንደዚህ ከቀጠለች በሚመጣው ዓመት ከትንንሾቹ ጋር ትደግማለች አለችኝ። መድኃኒቱንም ነገረችኝ። ሥዕል ያለበት ቦታ ውሰዳት፣ ዝምተኛ ልጅ ሥዕል ፊት አፉን ይፈታል፤ ሰኞ ያየችውን ለክፍሉ ትናገራለች።

ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔ ያደግኩት በዚህ ነው። በወጣትነቴ በሞያሌ በኩል ኬንያ የገባሁት በጭነት መኪና፣ ከበርበሬ ጆንያ ሥር ተኝቼ ነው። ያስነጠሰው ጓደኛችን ተያዘ። ከዚህ በላይ አልናገርም። ግን ዝም ያልኩት ሰውዬ ዛሬ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እሸከማለሁ። ልጄ እንድትሸከም አልፈልግም።

ታዲያ እኔ ስለ ሥዕል ምን አውቃለሁ? የማውቀው የመታወቂያ ፎቶ ነው። በጸሎት ቤታችን ግድግዳ ላይም የተሰቀለው ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ አዋቂ ፈለግኩ። ጎረቤታችን እማማ ለተብርሃን ኤርትራዊት ናቸው፤ አማርኛውን ድሮ አዲስ አበባ ሲኖሩ ነው የለመዱት። ኦርቶዶክስ ስለሆኑ የቅዱሳንን ሥዕል ሲሳለሙ ነው የኖሩት። ቅዳሜ ሦስታችን ከሰፈራችን ከፓርክላንድስ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ መሃል ከተማ ወዳለ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ወረድን።

እማማ ለተብርሃን ገና በሩ ላይ ትምህርቱን ጀመሩ።

"ስሚ የኔ ልጅ፣ ሥዕል ቀላል ነው። ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ ነው። ከጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ክፉ ነው። ይሁዳን አይተሽ አታውቂም?"

የአገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እውነትም እንዲህ ነው። ናይሮቢን ግን ማን ነገራት?

ሳሮን አፏ ተፈታ። "ጻድቅ! ክፉ! ጻድቅ!" እያለች አዳራሹን ዞረችው። ከጎን የተሳለው የማታቱ ረዳት ሲኦል ወረደ። ፊቷን ወደ እኛ ያዞረች ፍየል ጸደቀች። በመጨረሻ ከጎን የተሳለች አንዲት አሮጊት ፊት ቆመችና በእንግሊዝኛ፣ ጣሪያ በሚነካ ድምፅ፣ ይቺ ደግሞ በጣም፣ በጣም ክፉ ናት አለች።

"እናቴ ናት" አለች ከኋላችን አንዲት ሴት። ሠዓሊዋ ራሷ!

"ፖሌ ሳና" አልኩ። ይቅርታ መጠየቄ ነው። የበርበሬው ጆንያ ናፈቀኝ።

ሠዓሊዋ ግን ተንበረከከችና ለምን ክፉ ሆነች ብላ ሳሮንን ጠየቀቻት። ሌላው ዓይኗ የለማ፣ አለች ልጄ። አለ እንጂ፣ አለቻት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስኮት ትጠብቀኝ ነበር፣ ያኛው ዓይኗ እኔን ነው የሚያየው።

ሳሮን አሰበች። ከዚያ ሄዳ ጭንቅላቷን ከሥዕሉ ጀርባ ሰካች። ዓይኑን ፍለጋ! ዘበኛው ጮኸ፤ ሠዓሊዋ ሳቀች። እማማ ለተብርሃን ግን፣ "ለይሁዳም ጠበቃ ቆመለት" ብለው አጉረመረሙ።

ሰኞ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተናገረች። መምህሯ ደወለችልኝ። አትደግምም፣ ታልፋለች፤ ግን ዝም የሚያሰኛት ዘዴ ካለህ ንገረኝ አለችኝ። እኔ ዝም በማለት ነው የተካንኩት፣ ዝም በማሰኘት አይደለም።

ማታ ሳሮን የሣለችውን ሰጠችኝ። እኔን ነው። ከጎን። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ብዙ አፍንጫ። ከዚያ በፊት ከጎን ፎቶ ያነሳኝ ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነበር።

"ሌላው ዓይኔስ?" አልኳት።

"በር እያየ ነው። ባባ፣ አንተ ሁልጊዜ በር ነው የምታየው።"

ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

እሁድ እማማ ለተብርሃን ብቅ አሉ። አዩት። አማተቡ።

"ኧረ በስመ አብ! ማነው ይሄ?"

ሰው ሲጠይቀኝ የማደርገውን አደረግሁ። "እንጃ፣ የማላውቀው ሰው ነው" አልኩ።

ሳሮን ከጓዳ ወጣች። እንድትናገር ስንት የደከምኩላት ልጅ! ጣቷን ቀሰረችብኝ።

"እሱ ነው!" አለች በአማርኛ። ቀጥላም በእንግሊዝኛ። ለጥንቃቄ በስዋሂሊም ደገመችው።