ሰላጣን ከቃሪያ ጋር ያስተኛ ማነው?

ፎቅ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ አንዲት ዘር አብቃይ ጎረቤት አለችው። የለችኝም የሚል ካለ፣ ገና በሩን አላንኳኳችም ማለት ነው።

የእኛዋ ከበላያችን ይኖራሉ። ክብርት እትዬ ቴርሞሜትር ብለን ስም አውጥተንላቸዋል። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሕፃን ማዋለድ ሲያቆሙ ወደ ቃሪያ ዞሩ። ሙቀት ባገኙበት ሁሉ ዘር ያስቀምጣሉ። የራሳቸው ፍሪጅ አናት ሲሞላ የእኛን ያዙ። አንድ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ልከፍት ስል ሪሲቨሩ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ አገኘሁ።

«ምንድን ነው ይሄ እትዬ?»

«ቃሪያ ነው። ሪሲቨሩን እንዳታጠፋው፣ ይበርደዋል!»

ያን ሰሞን ማንም የማያየው ድራማ ቀን ከሌት ሲታይ ሰነበተ።

ሌላ ቦታ ሲያጡ ዘሩን በብብታቸው ይይዛሉ። ሰርግ ላይ ሙሽራዋን በአንድ እጃቸው ብቻ ቢያቅፏት ቅር አላትና፣ «ምነው እትዬ፣ ክንድዎን አመመዎት?» አለቻቸው። «ኧረ ደህና ነኝ፣ ቲማቲም ይዤ ነው» አሏት።

አልበቅል ያለ ዘር ከቀረበላቸው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይሰኩና ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ትኩሳት የሚለኩ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣሉ፦ «አልሞተም፣ ተኝቷል!» እኔ በዚህ ስስቅ ኖሬያለሁ።

ባለቤቴ ታማ ነበር። ሐኪሙ ድናለች ብሏል፤ እሷ ግን መጋረጃውን ዘግታ አልጋ ላይ ትውላለች። ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ እንኳ ትታለች፤ ይሄ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን እንደምንም ተነስታ አፈር የሞላበት ሳህን ላይ ሰላጣ ዘራች። ደስ ብሎኝ ልሞት! ከእትዬ እንዳየነው ጠለቅ አድርገን ቀበርነውና ፍሪጁ አናት ላይ፣ ከቃሪያቸው ጎን አስቀመጥነው። ቃሪያው ወጣ። ሰላጣው ወፍ የለም።

«እኔ የነካሁት ደግሞ ምን ይበቅላል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳህኑን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

እትዬ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሰላጣን ከቃሪያ ጋር ያስተኛ ማነው? ቃሪያ ሙቀት ይወዳል። ሰላጣ ሲሞቀው ጭራሽ ይተኛል፤ ደግሞ ብርሃን ካላየ አይነሳም። እናንተ ቀበራችሁት! ቀዝቀዝ ያለው ክፍላችሁ የቱ ነው?»

«መኝታ ቤታችን።»

ሳያንኳኩ ገቡ። አዲስ ዘር አፈሩ ላይ በተኑ፣ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ምንም አላለበሱትም። ሳህኑን መስኮቱ ላይ አኖሩና መጋረጃውን ጥርግ አድርገው ከፈቱት።

«ኧረ እትዬ፣ ዐይኔን!»

«ላንቺ አይደለም የከፈትኩት፣ ለሰላጣው ነው። እንዳይደርቅ ውኃ እርጪበት፤ ከዘጋሽው ወዮልሽ!»

ከቀናት በኋላ በማለዳ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። «ና! ና እይ!» ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። አፈሩ አረንጓዴ ሆኗል።

እትዬ ድምጿን ሰምተው ከላይ ወረዱ። እንኳን ደስ ያለሽ የለ፣ ምን የለ፦ «ተጨናንቋል። ግማሹ ይነቀል።»

«የኔ ሰላጣ? አንዷን ይንኩና እንተያያለን!»

«ካልሳሳ አይሆንም እያልኩሽ!»

«አይነቀልም አልኩ እኮ!»

ጩኸቷ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ኩሽና ገባሁና በደስታ አለቀስኩ፤ እኚህን ሴትዮ እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም። ዐይኔን ጠርጌ ስመለስ ገና አልበረዱም። ገብቼ ላስታርቃቸው? አላበድኩም!