ተቆርጦ የቀረው ዳንሴ

እውነት ተናግሮ ውሸታም እንደመባል ጨጓራ የሚልጥ ነገር ይኖር ይሆን? እኔ እስካሁን አላገኘሁም። ቶሮንቶ የምህንድስና ዲግሪዬን አገላብጣ አይታ ስትመልስልኝ እንኳ እንዲህ አልተቃጠልኩም።

በሶቪየት ዘመን ኦዴሳ ስማር የፊልም ሰዎች ማደሪያችን ድረስ መጥተው ጥቁር መርከበኛ የሚሆን ቁመተ ረጅም ፈለጉ። ተመረጥኩ። ከዞያ ማትቬየቭና ጋር፣ አዎ፣ ከራሷ ጋር፣ መርከብ ላይ ደነስኩ። ዞያ ማለት በዚያ ዘመን ትራክተር ነድታ፣ ቁስለኛ አክማ፣ በአራት ፊልም ሞታ አገር ያስለቀሰች ተዋናይ ናት። ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ብርቄ ወዲያው ጻፍኩ። ፊልሙ አዲስ አበባ ሲገባ እትዬ ሰፈሩን በሙሉ አስከትላ ሲኒማ ቤት ሄደች። መርከቡ አለ። ዞያ አለች። እኔ የለሁም! ዳንሴን ቆርጠው ጥለውታል። ከዚያ ወዲህ ስሜ “መርከበኛው” ሆነ፤ የአባቴ ልቅሶ ላይ ሳይቀር “መርከበኛው መጣ” ተብያለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር፣ በጥገና ሠራተኝነት በተቀጠርኩበት ሕንፃ ውስጥ፣ የአንዲት አዛውንት ማሞቂያ ላስተካክል ገባሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሳይ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ዞያ ማትቬየቭና እሳቸው ናቸው! የፊልም ስቱዲዮው ተዘግቶ፣ ባላቸው ሞተው፣ ልጃቸው አምጥታቸው፣ ማንም የማያውቃቸው የአራተኛ ፎቅ ተከራይ ሆነዋል። ማን መሆኔን በሩሲያኛ ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝና፣ “እግሬን ሦስቴ የረገጥከኝ አንተ ነህ?” አሉኝ። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

እዚያው ለእትዬ ቪዲዮ ኮል አደረግሁ። ዞያ ማትቬየቭና መጀመሪያ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀቡ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩ። ከዚያ ተናገሩ፣ እኔም ተረጎምኩ፤ እትዬ “ሳትጨምር ተርጉም፣ አውቅሃለሁ!” ትለኛለች። ስለ መርከቡ ነፋስ፣ ስለተረገጠው እግራቸው አወሩ። ዳንሱ እንዳይቆረጥ ዳይሬክተሩን ለምነው እንዳልሆነላቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ አንዲት እንባ ቀስ ብላ በጉንጫቸው ወረደች። እኔም አለቀስኩ። እትዬ ብርቄም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በቃ፣ አልኩ በልቤ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነፃ ወጣሁ።

እትዬ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

“የኔ ወንድም፣ ሴትየዋስ የምር ተዋናይ ናቸው” አለችኝ። “ያልሆነውን ነገር እያወሩ እኔን እንኳ አስለቀሱኝ እኮ!”