ሊቀ ጠጋኝ ሽመክትና የጉባኤያችን ጊታር

ደግ ሥራ በአጋጣሚ ማየት ሁልጊዜ ለበጎ አይሆንም። እኔን ለዚህ ሁሉ ብስጭት የዳረገኝ አንድ ሰው ደግ ሲሠራ ማየቴ ነው።

ከሥራ ወጥቼ ጂቡቲ ውስጥ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ አርሂባ፣ ስመለስ ሚኒባሳችን ድንገት ቆመ። ከፊታችን የኢትዮጵያ ታርጋ ያለው ተሳቢ መንገዱን ዘግቶታል። ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክሱን ያስጮኻል። ሾፌሩ ግን ጋቢናው ውስጥ የለም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ የአንድ ሽማግሌ ውሃ ሻጭ የእጅ ጋሪ እግር ወልቆ በከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ጠምጥሞ ያስርለታል። በፈረንሳይኛም በሶማልኛም በዓረብኛም ሲሰደብ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ሲጨርስ የወረዱትን ጀሪካኖች መልሶ ጫነ፣ የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወደ መኪናው ወጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ስራገም የቆየሁት እኔ በልቤ "ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው አታሳጣን" አልኩ።

አላሳጣንም። በሚቀጥለው ዓርብ ያ ሾፌር እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ወደምንጸልይበት ጉባኤያችን መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስጸልይ ቃል እመርጣለሁ።

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየጉባኤው አንድ ጠጋኝ አለ። ጠጋኝ የተበላሸ ነገር አይቶ አያልፍም፤ ያልተበላሸም አይቶ አያልፍም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አማታችሁ ነው፤ ምናልባትም ይህን በምታነቡበት ሰዓት የዕቃ ማጠቢያችሁ ሥር ተንጋሎ "ፒንሳ አቀብሉኝ" እያለ ነው። የእኛን ጠጋኝ፣ ያን ሾፌር፣ ሽመክት ብዬዋለሁ። እውነተኛ ስሙን ያልጻፍኩት ፈርቼው አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሊቀ ጠጋኝ ሽመክት በአዲስ አበባና በጂቡቲ መካከል ይመላለሳል። ዶራሌ ወደብ ላይ ጭነት ለመጫን ተራ ሲጠብቅ እጁ ሥራ ይፈታል። የሽመክት እጅ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ከተማው ሥራ ይበዛበታል። መሣሪያው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽና አንድ ያረጀ ከመነዳሪ ነው። "የዚህ ዓለም ችግር ሁሉ ጎማ ማነስ ነው" ይላል። ዕቃውን እንደ ሐኪም አገላብጦ ያይና እጅጌውን እየሰበሰበ "ይቺማ ቁርሴ ናት!" ይላል። ቁርሱን ሲጨርስ ለባለቤቱ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።

ከእኔ በታች የምትኖረውን የድሬዳዋዋን ዙለይካን ጠይቋት። በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች፤ ምላሷ ግን ይፋጃል። ቬንቲሌተሯ ትንሽ ድምፅ ስላበዛ ሽመክት ቁርሱን በላበት። በማግስቱ ደረጃው ላይ ይዛ አቆመችኝ።

"አቦ፣ ያ ጓደኛህ ምን አርጎት ነው? ድሮ ቆሞ ይነፍስ ነበር። አሁን መንፈሱን ትቶ ይሄዳል! ተኝቼ ስነሳ በር ላይ ደርሶ አገኘሁት።"

"ደግ ሰው እኮ ነው" አልኳት፤ ጋሪውን አስታውሼ።

"ደግነቱን ቤቱ ያርገዋ!"

የጉባኤያችን አዳራሽ በርም አለ። ይንቋቋል ብሎ በጎማ ከጠገነው በኋላ ከውጭ ካልሆነ አልከፈት አለ። ያን ቀን ሰባኪያችን ስብከቱን ጨርሶ አሜን ቢልም መውጣት ስላልተቻለ ከመጀመሪያው ጀመረ። በጉባኤያችን ታሪክ አንድም ሰው አቋርጦ ያልወጣበት ስብከት ያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጊታሩን እንዴት አጠገቡ ተውኩት? የጋሪው ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ጊታሩ ቀይ ነው፤ ኤሌክትሪክ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ ሰው ትቶልን የሄደ ሲሆን ከእሱ ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ የለንም። የምጫወተው እኔ ነኝ። ጊታርን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነው፤ ፈረንሳይኛውን ደግሞ ከጊታሩ። በአርባ ዓመት ዕድሜ አዲስ ነገር ጣቶቼ ላይ ስላኖረልኝ መያዣውን በከፈትኩ ቁጥር አመሰግናለሁ።

ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ዕቃ አለ፤ የክሩን ንዝረት ለቅሞ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክ ማግኔት ነው። ግራና ቀኝ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ተይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። የባሕሩ ጨው አንደኛውን ብሎን በላውና ፒክአፑ በአንድ ወገን ሰመጠ፤ የቀጫጭኖቹ ክሮች ድምፅ ደከመ። ትልቅ ነገር አልነበረም። ምትኩ ከአዲስ አበባ እየመጣልኝ ነበር፤ እስከዚያው ድምፅ ማጉያውን ትንሽ ከፍ አድርጌ መጫወት እችላለሁ።

ደግሞ መጫወት ነበረብኝ። በለጡ ልትሄድ ነው። በለጡ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እየኖረች የምትሠራ እህታችን ናት። ከአሠሪዎቿ ቤት የምትወጣው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ሲሆን ያቺንም ሰዓት ለእኛ እየዘመረች ታሳልፋታለች። አንድ ዓርብ ወደ እኔ መጣች።

"ጋሼ፣ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ አገሬ መግባቴ ነው። የመጨረሻዋን ዓርብ መዝሙሬን በጊታሩ አጅበኝ። በሞባይሌ እቀዳዋለሁ።"

"ምን ገዶኝ!"

"ልጄን ጥያት ስመጣ ገና ጡት መጣሏ ነበር። አሁን ‘ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያ ምን ስታደርጊ ነበር?’ ትለኛለች። የሰው ቤት ወለል ስወለውል ነበር ልበላት? ይሄን አሰማታለሁ።"

ማክሰኞ ዕለት ሽመክት ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ጊታሩን አልጋ ላይ አየው። ስለ ብሎኑ አስረዳሁትና "እንዳትነካው" ብዬ ሻይ ላፈላ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስኳሩን ሳልጨምር "ጧ!" የሚል ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ የካቻቢቴውን እጀታ እንደ መዶሻ ይዞ ፈገግ ብሏል።

"ምን አደረግህ?"

"ጎማ አነሰው። ሰጠሁት።"

"ብሎን እየመጣለት ነው አላልኩህም?"

"ብሎን ለምኑ! ብሎን ይዝጋል፤ ማስቲሽ ይዝጋል? ይቺማ ቁርሴ ናት።"

ከመነዳሪውን አጥፎ በሰመጠው ወገን ሥር ወትፎታል፣ ማስቲሹን አፍስሶበታል፣ ፒክአፑንም ደብድቦ አስገብቶታል። የሰመጠው ወገን አሁን ከልክ በላይ ተነስቶ ክሮቹን ይነካል፤ ዕቃው ሁሉ ተንጋዶ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀርቅሯል። ክሩን መታሁት። ቆሎ ያነቃት ዶሮ ድምፅ ወጣ።

"ሲደርቅ ይስተካከላል" አለና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ሻዩን ጠጥቶ!

ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ። ረቡዕ ክሮቹን ፈትቼ በቢላዋ ጫፍ ሞከርኩ። ሐሙስ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። አጥብቄ እንዳልስበው ከፒክአፑ የሚነሳው ሽቦ ከፀጉር የማይወፍር ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ጊታሩ እንጨት ሆኖ ይቀራል። መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩ። ዙለይካ በበሩ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።

"ያ ሁሉ መጽሐፍ ስለ ማስቲሽ ምንም አይልም እንዴ?"

ያን ምሽት ለወዳጅም ለጠላትም ጸለይኩ፤ ለሽመክት ስደርስ ግን ከየትኛው ወገን እንደማስገባው ቸገረኝ። የሚያናድደኝ ማበላሸቱ አልነበረም። ሰው ያበላሻል። የሚያናድደኝ ደስ ብሎት ማበላሸቱ ነው! ሰው ቤት ገብቶ፣ አትንካ ተብሎ፣ ነክቶ፣ ሠራሁ ብሎ፣ ፈገግ እያለ መሄዱ ነው! ከልጇ ፊት ባዶ እጇን የምትቆመው በለጡ እንጂ እሱ አይደለም።

ዓርብ ቀትር ላይ ራሱ መጣ። ባዶ ተሳቢውን ከሰፈራችን ጫፍ ሜዳው ላይ አቁሞታል።

"ተቆጥተሃል አሉኝ።"

"አልተቆጣሁም። መቆጣት ኃጢአት ነው። አዝኛለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትጮኻለህ?"

"በኀዘን ነው የምጮኸው! ዛሬ በለጡ ትዘምራለች፤ ይኸው ጊታሩ! ምን ይዤ ልቅረብ?"

ፊቱ ተለወጠ። የበለጡን ነገር አያውቅም ነበር። እጁን ወደ ጊታሩ ሲዘረጋ "ኪስህ ውስጥ ክተት!" አልኩት። ሁለቱንም እጆቹን ከተተ። እንደ ተቀጣ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን አየ።

"ማስቲሽ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ጂቡቲ ውስጥ ማስቲሽ በርክቶልኝ አያውቅም። ሙቀቱ ይፈታዋል። እዚህ የለጠፍኩት ሁሉ ለቋል።"

"ይህን እያወቅህ ነው ጊታሬ ላይ ያፈሰስከው?"

"ምናልባት ይሄኛው ይበረክታል ብዬ ነዋ!"

ከዚያ ዓይኑ በራ። "ጋቢናዬ አሁን ዳቦ ይጋግራል። እዚያ እናስገባው።"

እንጨቱ ይጣመማል ብዬ ተከራከርኩ፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ጊታሩን መስኮቱ በተዘጋው ጋቢና ውስጥ አስተኛነው፤ እኛ የመኪናው ጎማ ጥላ ሥር ተቀመጥን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው የእጅ ሥራ እንዳይበረክት ከልቤ ለመንኩ።

በዚህ መሃል የጋሪ ጩኸት ሰማን። ያ ውሃ ሻጭ ነው፤ ዓብዱልመጂድ ይባላል። የጋሪው እግር እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ የከመነዳሪው ቁራጭ ተፈትቶ መሬት ይጎትታል።

"ሽመክት! ወለቀ!" አለ፤ ምሥራች የሚናገር ይመስል ነበር።

"ዛሬም?" አለና ሽመክት ወደ እኔ ዞረ። "እጄን ላውጣ?"

"ለጋሪው አውጣ።"

ተንበርክኮ ማሰር ሲጀምር ሽማግሌውን ለምን ለሌላ ሠሪ እንደማይሰጠው ጠየቅሁት። ድሬዳዋ በነበረ ጊዜ የተማረው አማርኛ አለው።

"ሰጥቼ ነበር። ሌላ ሰው አንዴ ይሠራል፣ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ቢያየኝ ሰላም አይልም። ይሄ ሲሠራ ይወልቃል። ሲወልቅ ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል፣ ወላሂ። ልጆቼ እንኳ እንደሱ አይመጡም።"

ሽመክት ጎማውን በጥርሱ እየሳበ ስለነበር አልሰማም፤ ወይም ያልሰማ መሰለ። እኔ ግን ሰማሁ። እስከ ቀትር ድረስ አጠራቅሜ ያመጣሁት ንዴት መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። አልለቀቀኝም፤ ብቻ ተሰነጠቀ።

ጋቢናውን ስንከፍት እሳት ወጣ። ማስቲሹን በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ሽመክትን እጁን መልሶ ኪሱ እንዲከት አዝዤ አሮጌ የጊታር ክር በፒክአፑ ሥር አሾልኬ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳብኩት። እሱ አጠገቤ ቆሞ ያልበዋል። "ትንሽ ብትመታው..." ይላል፤ አየዋለሁ፤ እጁን ይበልጥ ኪሱ ውስጥ ይቀብራል። በመጨረሻ ፒክአፑ ነቅሎ ወጣ። ሽቦው አልተበጠሰም። ማስቲሹን ጠርጌ፣ ያንኑ ከመነዳሪ ሳላጥፈው በስሱ ቆርጬ ከሥር አነጠፍኩለትና በቀረው ብሎን አሰርኩት። ልክ ሆነ።

"አየህ!" አለ ሽመክት። "ጎማ ነበር ያነሰው!"

 የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

በዚያው ዓርብ በለጡ ሞባይሏን መድረኩ ጠርዝ ላይ አቆመችና ዓይኗን ጨፍና ዘመረች። ቀጫጭኖቹ ክሮች ከድምጿ ሥር ሥር ጥርት ብለው ሄዱ። ሽመክት ከኋላ፣ ያ በር አጠገብ ተቀምጦ እግሩን ይመታል፤ ከዜማው ጋር ግን አይገጥምም። ስትጨርስ ሞባይሏን አንስታ የተቀዳውን አዳመጠች፤ ከዚያም ጊታሩንም እኔንም አየችና "ለልጄ የምመልስላት ተገኘ፣ ጋሼ" ብቻ አለች። ማን ምን እንዳበላሸ አልነገርኳትም።

ሰው ሲበተን ሽመክት የአዳራሹ ደረጃ ሥር ጠበቀኝ። በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ዙሪያውን ገላምጦ ገለጠው። ትንሽ ሬዲዮ ነበረች፤ ማስቲሽ አልነካትም፣ ጎማ የለባትም።

"የእናቴ ናት" አለ። "ያለሷ እንቅልፍ አይወስዳትም። ድምፅ እምቢ ካለቻት ቆየች። አንተ ቀስ ብለህ፣ እያነበብክ ነው የምትሠራው። እይልኝ።"

"አንተ ለምን አትሠራትም? ቁርስህ አይደለችም?"

"የእናቴ ናት እኮ ነው የምልህ!"

"የእኔ ጊታርስ?"

"ጊታሩማ ቢበላሽ አንተ አለህ" አለ፤ ምንም ሳያፍር። ሬዲዮዋን እንደ ሕፃን ክንዴ ላይ አስተኛት። ጥቂት ሄደና ተመልሶ መጣ፤ ወደ ጆሮዬም ተጠጋ።

"ብቻ አደራ፣ ወንድሜ፤ ሌላ ሰው እንደሠራት ለማንም እንዳትነግርብኝ። ስሜን ጠርቶ ‘ና ጠግንልኝ’ የሚለኝ ይጠፋል፤ ቁርሴም ይቀርብኛል።"