የጓድ ዘርአ ዳዊት ሦስት ፊልሞች

በየከተማው፣ ሌላውን ሰው የሚቆምበትን ቦታ ካላሳየ እህል የማይወርድለት አንድ ሰው አለ። ለቅሶ ቤት ገብቶ አልቃሾችን በቁመት ይደረድራል። ሠርግ ላይ ሙሽራውን «ትንሽ ወደ ግራ» ይለዋል፤ አባቱን ሰምቶ የማያውቀው ሙሽራ ወደ ግራ ይላል። ማን ሾመህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ድሮም አላምነውም። የደብረ ብርሃኑን ደግሞ ጭራሽ አላምነውም ነበር፤ የእኛው ሰው ካሜራ ነበረው።

ስሙ ዘርአ ዳዊት ይባላል። የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ ለቅኔ ሲያስቡት እሱ ዲቁናውን ጥሎ አዲስ አበባ ኮበለለና አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያዞር ኖረ። በ1973 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ እንደ ሰዓት እየተሞላ የሚሠራ ካሜራ፣ የእጅ ድምፅ ማጉያና በጉም ውስጥ እንኳ የማይወልቅ ጥቁር መነጽር ይዞ መጣ። የደብረ ብርሃኑ የማስታወቂያ ቢሮአችን ፊልም የሚያነሳ ሰው ይፈልግ ስለነበር በሳምንቱ ተቀጠረ። የቅጥር ደብዳቤው «የፊልም ሠራተኛ» ይላል። እሱ ግን በሩ ላይ በኖራ «ዲሬክተር» ብሎ ጻፈ።

እኔ የዚያው ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ኃላፊያችን ጓድ ገብረአብ፣ ሰላምታውም ንግግር የሚሆንበት ሰው፣ አንድ ቀን ጠራኝና በሩን ዘጋ። ካሜራ የያዘ ሰው ወይ የእኛ ነው ወይ የጠላት፣ መሀል ሰፋሪ የለውም አለኝ። ስለዚህ ረዳቱ ሆኜ እየተከተልኩ ምን እንደሚያነሳ፣ ለማን እንደሚያሳይ፣ ከማን ጋር እንደሚጠጣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንድጽፍ ታዘዝኩ። በዚያ ዘመን እምቢ ያለ ሰው አላየሁም፤ አይቼ ቢሆን ኖሮም ስለ እሱ መጻፌ አይቀርም ነበር።

ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ ሳልታዘዝም ጠርጥሬዋለሁ። በሁለት እጁ ጣቶች መስኮት ሠርቶ በዚያ ውስጥ ሰውን አጮልቆ የሚያይ ሰው ምን ሊባል ነው? ያነሳኸው ፊልም የታለ ሲሉት «አዲስ አበባ እየታጠበ ነው» ይላል። እናቴ ይህን ሰምታ፣ ምን ቢቆሽሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እሱንም ጻፍኩት።

የመጀመሪያ ሥራው መዘዞ ላይ ስለ እርከን ያነሳው ነው። ቢሮው የፈለገው አሥር ገበሬ ሲቆፍር የሚያሳይ ፊልም ነበር። ዲሬክተራችን ግን አሥሩን አየና «ሰው አነሰኝ» አለ። ይህች ቃል የእሱ ናት፤ አምስት ሺህ ሰው ብትሰጡትም ይላታል። የገበሬ ማኅበሩ ሃምሳ አመጣለት። አነሰኝ አለ። በመጨረሻ መቶ ሰማንያ ሰው ተራራው ላይ ወጣና ቁፋሮ ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስለዞረች ሥራው ወደ ሌላኛው የተራራው ጎን ይዛወርልኝ አለ። አዛወሩለት። በማግስቱ ደመና ሆነ፤ ወደ ሦስተኛው ጎን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወልደተንሣኤ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሰውዬው የመንግሥት እብድ ነው ወይስ የግል ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ። በስድስተኛው ቀን ተራራው ዙሪያውን እርከን ሆኖ ቁጭ አለ። እኔም «የሰፊውን ሕዝብ ጉልበት ያባክናል» ብዬ ጻፍኩ። በክረምቱ በዚያ አካባቢ አፈሩ ያልተጠረገ ተራራ እሱ ብቻ እንደነበር ሰምቻለሁ። ይህን ግን አልጻፍኩትም።

ለሁለተኛው ፊልሙ የጥንቱን ሲራራ ነጋዴ ላሳይ ብሎ ወደ አልዩ አምባ ወረደ። እዚያ ግመል ያለው ፈረጅ የሚባል ነጋዴ ነበር። ፈረጅ በመጀመሪያ ካሜራውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን ከነደብተሬ አየ፤ ከዚያ ሚስቱን ነሲባን ጠርቶ ግመሎቹን ወደ ቆላው እንድታስነዳ ነገራት።

«ወላሂ ይህ ፊልም አይደለም፤ ቆጠራ ነው» አለ።

እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር። ዘርአ ዳዊት ስለ ግብር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከፈረጅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ ለእኔ የሚናገር እየመሰለ ለቤቱ ያወራ ነበር። ሲራራ ሊመራ የሚችል ግርማ ያለው ወንድ በዚህ አገር እንዳለቀ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ መፈለጉ እንደማይቀር ይነግረኛል። በሦስተኛው ቀን ፈረጅ አዲስ ሽርጥ አሸርጦ፣ የአባቱን ጎራዴ ታጥቆ ወጣ። ሠላሳ ግመል ከኋላው አሰልፏል። ዲሬክተሩ ግመሎቹን አየና እንደ ልማዱ አነሰኝ አለ። ይኼኔ ግመሎቹን የደበቀችው ነሲባ ራሷ ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ ስድሳ አደረሰችለት። ግብር ሰብሳቢ ስንት ዓመት ፈልጎ ያጣው ግመል ሁሉ በአንድ ጥዋት ከየጥሻው ወጥቶ ለካሜራ ተሰለፈ። ሪፖርቴ ላይ «ሠላሳ ግመል» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ለምን ስድሳ ማለት እንዳቃተው ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የአዳራሹን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ነጭ ጨርቅ ወጥረን፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሳየን። ከደብረ ሲና በጭነት መኪና የመጣ አለ፤ ከለሚ በእግሩ የመጣ አለ። የፊልሙ ርዝመት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ሕዝቡ ግን ፊልም ሊያይ አልነበረም የመጣው፤ ራሱን ሊያይ ነው። ያልቃል፣ ድገሙት ይባላል፣ ይደገማል። በሦስት ሳምንት የአዳራሹ በር ሁለት ጊዜ ተገነጠለ፤ የሕንድ ፊልም እንኳ ያን ያህል ሰው አላመጣም። ፈረጅ ስድሳ ግመል አስከትሎ ጨርቁ ላይ ሲመጣ ራሱን አየና፣ አርጅቻለሁ ለካ ብሎ ለነሲባ በጆሮዋ ነገራት። እኔ «ያልተፈቀደ የሕዝብ መሰብሰብ ያስከትላል» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛው ፊልም ግን ሌላ ነው።

በ1977 መቶ ስድሳ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ከከተማችን ሊሸኙ ተሰለፉ። ጓድ ገብረአብ ንግግር ሊያደርግ ስለነበር ለዚያ ቀን ሦስት ጥቅል ፊልም ከአዲስ አበባ አስመጣ። የአንዱ ጥቅል ዕድሜ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ንግግሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ጥቅሎቹን ይዤ ከዘርአ ዳዊት አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ብርዱ ፊት ይልጣል። ንግግሩ ሲጀመር ለመድረኩ ጀርባውን ሰጠ። ካሜራውን በመጀመሪያው መስመር ዳር ወደቆመው ልጅ አዞረና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ወደሚቀጥለው አለፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንዲህ እያለ በየመስመሩ፣ በየፊቱ ሄደ። ያን ቀን ብቻ ሰው አነሰኝ አላለም።

እየተከተልኩት፣ «ጋሼ፣ መድረኩ ወዲያ ነው» አልኩት።

«እሱ ነገም አለ» አለኝ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ።

መቶ ስድሳኛውን ልጅ ጨርሶ ወደ መድረኩ ሲዞር የቀረው ፊልም ለጓድ ገብረአብ ቀኝ እጅ ብቻ በቃ።

ከሦስት ወር በኋላ ታጥቦ መጣ፤ ኃላፊዎችና ቤተሰቦች በተጠሩበት አሳየነው። ፊልሙ ድምፅ የለውም። ጨርቁ ላይ አንድ ልጅ ይወጣል፣ ያያል፣ ያልፋል። ከጨለማው ውስጥ አንዷ እናት የልጇን ስም በቀስታ ጠራች። ቀጥሎ ሌላዋ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ቆጠራው አንድ ስም ይሰማ ጀመር። ከአንኮበር መንገድ በኩል የምትኖር ይመኙሻል የምትባል ባልቴት ልጇ ብርሃነ መስቀል ሲወጣ ከመቀመጫዋ ተነሳችና ካለፈም በኋላ ሳትቀመጥ ቀረች። መጨረሻ ላይ የጓድ ገብረአብ እጅ ብቻውን ብቅ ብሎ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘና ፊልሙ አለቀ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

ሰኞ ጥዋት ተጠራን። ከጓድ ገብረአብ ግራና ቀኝ የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ክሱ የአመራሩን ምስል ሆን ብሎ ከፊልም ማስወገድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ገብቶ ቀርቷል። ከሁለቱ አንደኛው ወፍራም ፋይል ከፈተና ማንበብ ጀመረ። የእኔ ሪፖርቶች ናቸው፣ የአራት ዓመቱ። መዘዞን አነበበ። አልዩ አምባን አነበበ። በመጋቢት ስንት መለኪያ አረቄ እንደጠጣ አነበበ። ዘርአ ዳዊት ጥቁር መነጽሩን አወለቀና አየኝ። ዓይኖቹን ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትንንሽና የደከሙ ናቸው። መሬት መሬት አየሁ።

አንባቢው ፋይሉን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። ካሜራው በንግግሩ ሰዓት ወዴት ዞሮ እንደነበር ጠየቀኝ።

ወደ መድረኩ ነበር አልኩ። ብርዱ ስለበረታ የካሜራው ሞተር ተይዞ እምቢ አለ፤ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ለመሞከር በወታደሮቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ሲያነሳ ፊልሙ አለቀበት አልኩ። ጓድ ገብረአብ ሊናገር ሲል አንባቢው በእጁ አስቆመው።

«ይህ ልጅ በአራት ዓመት ስለ ሰውየው አንድ ደግ ነገር አልጻፈም። ዛሬ ምን ብሎ ይዋሽለታል?» አለ።

ስለዚህ ታመንኩ። ዘርአ ዳዊት በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ።

ወጥተን ዋናውን መንገድ ይዘን ሄድን። እሱ ፊት ፊት ይራመዳል፤ እኔም ስድብ ይሁን ጥፊ የሚመጣውን ጠበቅሁ። ፖስታ ቤቱን ስናልፍ ቆመ።

«ስለ ሥራዬ የጻፈ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር» አለ። «የመዘዞው ጥሩ ነው፣ ሥርዓት አለው። ግመሎቹ ግን ስድሳ ናቸው። ሠላሳ ብለሃል።»

«ግብር ሰብሳቢው ያነበዋል ብዬ ነው» አልኩት።

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እንግዲያው ሠላሳ ይሁን» አለና መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሪፖርቴን ሳላሳየው አልላክሁም። «እጅግ አደገኛ» የሚል ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ብርሃነ መስቀል አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። ይመኙሻል ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቢሮው ትመጣለች፤ ዘርአ ዳዊት መስኮቱን ጋርዶ ወንበር ያመጣላታል። ማንንም ቁም ተቀመጥ የሚለው ሰውዬ እሷን የት ልቀመጥልሽ ብሎ ይጠይቃታል። ሦስት ቆጠራ ያሳያታል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያሳያታል። እሷ በቃኝ እስክትል እሱ አያቆምም። ወሬው ሲሰማ ሌሎች እናቶችም መጡ። ፊልም እንዲህ ሲመላለስ ይጫራል፣ ይበጠሳል። በተበጠሰ ቁጥር በሙጫ ይቀጥለዋል፤ በቀጠለው ቁጥር ከጫፉ ትንሽ ይቆረጣል። ያን ያህል የሚሳሳለት ሥራው በእጁ ላይ ሲያጥር እያየ አንድ ቀን እንኳ ዛሬ ይብቃን ሲል አልሰማሁትም። በ1981 ጨርቁ ላይ የሚታየው ጭረት ብቻ ሆነ። ይመኙሻል ጭረቱንም ታየው ነበር።

አሁንም በየለቅሶው ሰው ይደረድራል፤ እኔም አሁንም ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቅልም። በዚያው በ1981 የቢሮው ንብረት ሲቆጠር ግን፣ ሦስተኛው ፊልም የት እንደገባ በጽሑፍ እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። ስለ ዘርአ ዳዊት ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። «በአገልግሎት ብዛት አልቋል» ብዬ ፈረምኩበት።