ሰዓቱን የማይናገር መድኃኒት ቤት

እያንዳንዳችን ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት አለ። ወረፋ የለውም፤ ማዘዣም አይጠይቅም። የሞርፊን የቅርብ ዘመድ የሆነውን የሕመም ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊንን፣ ራሱ ቀምሞ ራሱ ያድላል። ውሻ እያባረረህ እግርህን ድንጋይ ቢመታህ፣ መድማቱን ቤት ገብተህ በሩን ከዘጋህ በኋላ የምታየው በእሱ ቸርነት ነው። ችግሩ፣ የሥራ ሰዓቱን ለማንም አይናገርም።

ይህን ያስተማረኝ መንጋጋ ጥርሴ ነው።

ሕመሙ የያዘኝ በመስቀል ዋዜማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሾርባ ጠጥቶ ይተኛ ነበር። እኔ ግን ያገባሁት ከዶርዜ ነው። በመስቀል ዕለት አማቶቹ ቤት ተቀምጦ ጥሬ ሥጋ የማያኝክ የልጅ ባል ቂም ይዟል ተብሎ ይጠረጠራል። አምና ደግሞ ሥራ አመካኝቼ ስለቀረሁ፣ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ እስከ ዛሬ ስልኬን እያዩ አያነሱም። ዘንድሮ ካላኘክሁ አበቃልኝ።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሮጥኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጉጠቱን ሳይ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ።

«ዶክተር፣ ተሻለኝ።»

«ፍርሃት ነው» አለች ሐኪሟ እየሳቀች። «ሰው ሲፈራ ኢንዶርፊን ይለቀቃል። እዚህ ወንበር ላይ ያልዳነ ጥርስ የለም። እንንቀለው?»

«ከበዓሉ በኋላ።»

«እንግዲህ እየፈራህ ብላ!»

መንገድ ላይ ሕመሙ ተመለሰ። እኔም ተፈላሰፍኩ፤ ፍርሃት የከፈተውን በር ቃጠሎስ ለምን አይከፍተውም? በጋሞ ምድር ደግሞ ቃጠሎ ሞልቷል። ዳጣ ይባላል፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብረው ተፈጭተው የሚዶልቱበት ማባያ ነው።

በበዓሉ ቀን ዶርዜ ወጥተን ሥጋው ሲቀርብ፣ አስቀድሜ ዳጣውን በማንኪያ ጎረስኩት።

ጆሮዬ ጮኸ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጥርሴ ዝም አለ። ሥጋውን አነሳሁት፤ አላመጥኩት፤ ደገምኩ።

የአማቴ ፊት በራ። «አያችሁ? ልጄ ከደስታ ብዛት አለቀሰ!»

ታረቅን ማለት ነው።

መድኃኒት ቤቱ የተዘጋው ሁለተኛው ሳህን ሲመጣ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ። ጉንጬን ይዤ እውነቱን አፈረጥኩት፦ «አባባ፣ ጥርሴን አሞኛል፤ ማኘክ አልችልም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ትሕትናውን እዩልኝ!» አሉ አማቴ፣ ዳጣ ውስጥ የነከሩትን ትልቅ ቁራጭ ወደ አፌ እያስጠጉ። «በሞቴ!»

እሳቸው እንዳይሞቱብኝ አፌን ከፈትኩ። ቁራጩ በየትኛው መንጋጋ በኩል እንደገባ ግን አትጠይቁኝ።